«ለቤተሰቡ አሳቢ ነበር» ብቻ?

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ ጻፍ ተብሎ የሚጠራው እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ስላለኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ስለዚህ ቅጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው እንትን ጠቅላይ ግዛት...» ብሎ ይጀምራል። የሥራ ዘመኑ ይከተላል። ከዚያ «ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራና ለቤተሰቡ አሳቢ ነበር» የምትለዋ መስመር ትመጣለች። ስምና ቀን ብትቀይሩለት ለማንም ይሆናል።

ይህቺ መስመር ታናድደኛለች። እውነት ሆና እንኳ ምንም አትናገርም።

ባለፈው ክረምት ያረፉትን ጎረቤታችንን እንውሰድ። ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሌሊት 11 ሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን ሲወጡ የቆርቆሮ በራቸው ድምፅ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ጸበል በሃይላንድ፣ በሌላው ዳቦ። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ቤት ውስጥ ያለውን ግን ማን ያያል? ባለቤታቸው ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጋሼ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወንበር ስበው አጠገባቸው ይቀመጡና ስብከቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግሯቸው ነበር። ሰባኪው ከሳለ እሳቸውም ይስላሉ! የማን ልጅ ክርስትና እንደተነሳ፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ሁሉንም። እማማ መናገር ባይችሉም ይስቃሉ። ገላቸውን የሚያጥቧቸውም ራሳቸው ጋሼ ነበሩ፤ በእኛ አገር የዚያ ዕድሜ ወንድ ይህን ሲያደርግ ስንቱን አይታችኋል?

መልአክ አልነበሩም ደግሞ። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ይለብሳል። ኳስ የለም፣ ድራማ የለም። ልጆቻቸው ጨዋታ ለማየት ተደብቀው እኛ ቤት ይመጡ ነበር።

ይሄን ሁሉ ጻፍኩት። ትልቁ ልጅ አነበበና ገላ ማጠቡ ላይ ሲደርስ «የእናታችን ገመና ነው፣ አውጣው» አለኝ። ይገባኛል፣ አወጣሁት። የስብከቱንም አውጣ ሲለኝ ግን ተከራከርን። «ቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ነገር እኮ ነው፤ ቀልድ ያስመስለዋል።» ምኑ ነው ቀልዱ? ሚስታቸው ቅዳሴ መሄድ ስላልቻሉ ቅዳሴውን አልጋቸው ድረስ ያመጡ ሰው ናቸው። «እግዚአብሔርን የሚፈራ» ሲባል ሌላ ምን ማለት ነው ታዲያ? እያጉረመረመም ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ፈቀደ።

በልጆች ብቻ መፍረድ አይቻልም። ሰው ዛሬ አርፎ ነገ ይቀበራል። ጽሑፉ የሚጻፈው በዚያች አንድ ሌሊት ነው፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ፣ አንዱ እያለቀሰ አንዱ ድንኳን እየተከለ። የማይታወቀውን ቦታ ቅጹ ቢሞላው አይገርምም። ለፍትሐት የክርስትና ስማቸው ሲጠየቅ እንኳ የተናገሩት የሰንበቴ ጓደኛቸው ናቸው፤ ከአራቱ ልጆች የሚያውቅ አልነበረም። ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ማስባሉንማ ሁላችንም እንችልበታለን።

አሁን አሁን ለጻፍልን የሚመጣ ቤተሰብን የትምህርት ማስረጃ ከመጠየቄ በፊት ስልካችሁን ክፈቱ እላለሁ። ትልልቆቹ ሰዎች መጻፍ ስለሚያታክታቸው ቴሌግራም ላይ ድምፅ ነው የሚልኩት። እናንተ ሰምታችሁ «እሺ» ብላችሁ ያለፋችሁት ሁሉ እዚያው አለ።

ለጋሼ አርባ እንደገና እንድጽፍ ስጠየቅ ሴት ልጃቸው 14 የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አብዛኛው «ዳቦ አልቋል»፣ «መብራት ሄዷል፣ ሻማ ይዘሽ ነይ» ነው። አንዱ ላይ ግን ከኋላ ቅዳሴው ይሰማል። እሳቸው በሹክሹክታ፣ «የእናትሽ ኪኒን ሰዓት ደርሷል። መጀመሪያ ትንሽ አጉርሻት» ይላሉ።