የእጁ ስንት ነው?

የመታጠቢያ ቤታችንን ሴራሚክ ለማስቀየር የጠራነው ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየና «የእጁን 28,000 ብር ስጡኝ» አለ። ሜትር እንኳ ከኪሱ አላወጣም። ባለቤቴም ጫማ እንደሚገዛ ሰው «15,000!» አለች። ሁለቱም ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ማታ ራሳችን ለካን። ወለሉ 5 ካሬ ነው። የግድግዳው ዙሪያ 9 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2፤ በሩ ሲቀነስ በጠቅላላው 23 ካሬ ገደማ። ጎረቤታችን በቅርቡ ሲያሠራ ለዋናው በቀን 1,500፣ ለረዳቱ 600 ብር ከፍሏል። ማፍረስ 1 ቀን፣ ማንጠፍ 4 ቀን፣ መገጣጠሚያውን መሙላትና ማጽዳት 1 ቀን ብለን 12,600 ብር አገኘን። ባለቤቴ ደስ አላት።

ሁለተኛው ባለሙያ ግን ለክቶ፣ በወረቀት ከፋፍሎ 21,000 አለን። ለማንጠፊያው በካሬ 500፣ 11,500 ብር ነው፤ ከእኛ ስሌት ብዙም አይርቅም። ለማፍረስ 5,500 ሲል ተቆጣሁ። «ፍርስራሹን ከ4ኛ ፎቅ ማን ያወርደዋል ወንድሜ?» አለኝ። ሊፍት የለንም፤ በማዳበሪያ፣ በትከሻ ነው የሚወርደው። ቀሪው 4,000 አሮጌው ሴራሚክ ሲነሳ የሚጎዳውን ልስን ማስተካከያና ወለሉን ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ማዘንበያ ነው። እኛ ይህንን ጨርሶ አላሰብነውም።

ዋጋ ስታስቆርጡ መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው የማይታየው ሥራ ነው። እህቴ ባለፈው ዓመት በርካሽ አሠርታ ውኃው የታች ቤት ኮርኒስ አበላሸ፤ የሰው ቤት ቀለም ጭምር ከፈለች። ደግሞ በእጅ ዋጋ የተጎዳ ባለሙያ ዕቃ ግዢው ላይ ሊያካክስ ይችላል። ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን ራሳችሁ ግዙ፣ ደረሰኙም በእጃችሁ ይሁን።

በ21,000 ተስማማን፤ የከፈልነው ግን በየደረጃው ነው። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ቀዳዳው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውኃ 24 ሰዓት እንዲተኛ አደረግን። የመጨረሻውን 4,000 ብር የሰጠነው ከሳምንት በኋላ፣ ከታች ያሉት እማማ «ኮርኒሴ ደረቅ ነው» ካሉን ወዲያ ነው።