ለይሉኝታ የተተወ ተራ

ባለፈው ሳምንት የኤዲቲንግ ክፍላችን በር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገትሬአለሁ። ኮምፒውተሩን የያዘው ልጅ እየሠራ አልነበረም። ፍላሽ የምታመጣለትን ጓደኛውን ይጠብቃል! ግድግዳው ላይ ግን «እባካችሁ ተሳስባችሁ ተጠቀሙ» የሚል ተለጥፏል።

ይህቺ ማስታወቂያ የድሮ ኮምፒውተሮችን አስታወሰችኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞቹ ይሉኝታ ነበር የተወው። አንዱ ፕሮግራም ጥቂት ይሠራና «ሌላው ይቀጥል» ብሎ በፈቃዱ ይለቃል። አንዱ አልለቅም ካለ ግን የቀሩት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ሁሉ ስታክ ያደርጋሉ። ለዚህ ደግሞ ክፋት አያስፈልግም፤ አንዲት የአሠራር ስህተት ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ለአዲሶቹ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች፣ በ2001 ደግሞ ማክ ኦኤስ ኤክስ ነገሩን ቀየሩት። ጊዜው ሲያልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ፕሮሰሰሩን ተቀብሎ ለተረኛው ይሰጣል።

ታዲያ በፈቃድ መልቀቅ ቀረ ማለት ነው? አልቀረም። ትሬድ የሚባለው የፕሮግራም የሥራ መስመር ዛሬም ተራውን መልቀቅ ይችላል። ጃቫ ውስጥ ለዚህ «ዪልድ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ ግን ጥቆማ ብቻ ነው፤ ተራ አዳዩ ችላ ሊለው ይችላል። ደግሞም ዪልድ ያለ ትሬድ ከወረፋው አይወጣም። ስለዚህ ፋይል የሚጠብቅ ትሬድ «መጣ? መጣ?» እያለ ከሚመላለስ ቢተኛና ፋይሉ ሲደርስ ቢቀሰቀስ ይሻላል።

«አዋቂዎች ነን፣ ሰዓት ያዥ አያስፈልገንም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ተራ ለይሉኝታ ሲተው የሚጎዳው ይሉኝታ ያለው ነው። እሱ ይነሣል፣ ሌላው ይቀመጣል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። በሩ ላይ የወረፋ ወረቀት ይለጠፍ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሰዓት ይሰጠው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይሂድ። ከዚህ ካነሰ ፋይል ስንጭንና ስንገለብጥ ያልቃል፤ ፕሮሰሰርም ትሬድ ሲቀያይር ጊዜ ይባክንበታል። ፍላሽ የሚጠብቅ ደግሞ ይነሣ፣ ሲመጣለት እንጠራዋለን። መተሳሰቡ አይቅር፤ ግን ሰዓትም ይኑረው።