ድስቱ ሳይጣድ መጥኖ የሚደቁስ ይሠልጥን!

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጣዩ ጉዞ ኑክሌርንም እንደሚጨምር ይፋ አደረጉ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ኃላፊ ጋር ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ የሚያበቃ የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የሚወራው ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቦታውና ስለ ጊዜው ነው። የሚሰላውን ስሌት መርምሮ ልክ ነው ወይም አይደለም የሚለው ኢትዮጵያዊ ማን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይነሳም።

ሪአክተር ውስጥ የዩራኒየም አስኳል ሲሰነጠቅ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነሱም በተራቸው ሌላ አስኳል ይሰነጥቃሉ። አንዱ የኒውትሮን ትውልድ ከቀዳሚው እኩል ከሆነ ኃይሉ ይረጋል፤ ከበለጠ ይንራል፤ ካነሰ ይከስማል። ልጓሙን በሰው እጅ ያደረጉት ዘግየት ብለው የሚወጡ ጥቂት ኒውትሮኖች ናቸው፤ በዩራኒየም 235 ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1986 ለቼርኖቤል አደጋ ከዳረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ በዚያ ዓይነት ሪአክተር ማቀዝቀዣው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ኃይሉ ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩ ነበር። ይህን ባሕርይ ሪአክተሩ ሳይሠራ በፊት ኮምፒዩተር ላይ ማየት ይቻላል። የሪአክተር ፊዚክስና የሲሙሌሽን ትምህርት ሥራውም ይኸው ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኒውትሮኖችን በስሌት እየተከተሉ፣ አደጋው ሳይመጣ አደጋውን ማጥናት።

በወልድያ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው እንኳ ሚዛኑን አይቶ ነው የሚከፍለው። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበትን ሪአክተር ሻጩ ባቀረበው ሚዛን ብቻ መግዛት ግን ለሁለት ትውልድ በሰው እጅ መውደቅ ነው። ሌሎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ከደቡብ ኮሪያ ጋር የባራካህን የኑክሌር ማመንጫ ውል ሲፈርሙ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታቸውን ያቋቋሙት በዚያው ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያው ሪአክተር ለገበያ ኃይል ማቅረብ የጀመረው በ2021 ነው። ጋና የኃይል ማመንጫ ሳይኖራት፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በምትጠቀምበት አነስተኛ የምርምር ሪአክተር ዙሪያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፍታ ባለሙያ ታፈራለች። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ሪአክተር ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው፤ የከፍተኛ አቅም ኮምፒዩተር ማዕከሉም እዚያው ነው። ችግሩ ሁሉም ነገር እዚያው መሆኑ ነው።

ታዲያ ወልድያ ምን አገባት? እንዲህ የሚጠይቅ በቂ ምክንያት አለው። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፏል፣ ወድሟል። የአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭት ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ቆይቷል። ወንበርና ቤተ ሙከራ ገና እየተሟላ ባለበት ግቢ ስለ ሪአክተር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም።

ይህ ጋዜጣ ግን ነገሩን የሚያየው በተቃራኒው ነው። የኑክሌር ትምህርት ውዱ ክፍል ሪአክተሩ ነው፤ ሲሙሌሽኑ ግን በአንፃሩ ርካሹ ነው። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የተጀመረው ኦፕን ኤም ሲ የተባለው ፕሮግራም ለማንም በነፃ ክፍት ነው፤ የኑክሌር መረጃ ቋቱም አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጎበዝ ተማሪ፣ ደህና ኮምፒዩተርና የማይቋረጥ መብራት ካሉ፣ አንድ የነዳጅ ዘንግ ውስጥ ኒውትሮን እንዴት እንደሚባዛ ወልድያ ላይ ተቀምጦ ማስላት ይቻላል። ማመንጫው ቢዘገይ እንኳ ዕውቀቱ አይከስርም፤ ይኸው የኒውትሮንና የጨረር ስሌት ለካንሰር የጨረር ሕክምና ዕቅድ ያገለግላል። የዩኒቨርሲቲው የመርሳ ግቢ እርሻ ያስተምራል፤ የአፈርን እርጥበት በኒውትሮን የሚለካው መሣሪያም ከዚሁ ሳይንስ የወጣ ነው። የሀብሩ ወረዳን ጨምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውኃ የሚስብ ፓምፕ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ ከየትና በምን ስጋት እንደሚመጣ የሀብሩ ልጅ ማወቅም፣ መፍረድም ይገባዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ትምህርት ሚኒስቴር የአዲስ አበባው ማዕከል ከክልል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ጥምር የማስተርስና የፒኤችዲ ምክር እንዲሰጥ ያድርግ፤ ተማሪው ከቤቱ ሳይርቅ ሁለት አማካሪ ይኑረው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በተራው መልሶ ግንባታው ላይ አንድ የስሌት ቤተ ሙከራ ይጨምር፤ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ የሚደገፍ፣ መብራት ሲሄድ የማይቆም። መንግሥት ደግሞ ለሩሲያ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲደራደር ከሪአክተር አንቀሳቃሾች እኩል የደኅንነት ተንታኞችን ይላክ፤ ሲመለሱም በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወንበር ይጠብቃቸው። ሻጩን የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት ከሻጩ ያነሰ ዕውቀት ካለው ተቆጣጣሪነቱ ስም ብቻ ነው።

ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ እንደማይጠቅም እናቶቻችን ነግረውናል። የኢትዮጵያ ሪአክተር ገና አልተጣደም፤ የመመጠኛው ጊዜ አሁን ነው። መጣኞቹም ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከወልድያና ከመርሳም ይምጡ።