ምጣዱና ሌዘሩ

የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስበት እንደሚሰነጠቅ ከመቱ እስከ ጎሬ የማታውቅ እናት የለችም። ላዩ በርዶ ሲኮማተር ውስጡ እንደ ጋለ ይቀራልና።

የሌዘር ክሪስታልም ሕጉ ይኸው ነው። ቴዎዶር ማይማን በ1960 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሌዘር በሩቢ ከሠራ ወዲህ ሙቀት መሐንዲሶችን ሲፈትን ኖሯል። ክሪስታሉ ከሚቀበለው ብርሃን ከፊሉ ሙቀት ይሆናል፤ ላዩን ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ መካከሉ ግን ግሎ ሊሰፋ ይገፋል። ላዩ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። ሳይሰነጠቅም እንደ ሌንስ ሆኖ ጨረሩን ያዛባል።

እኛ ግን ቀመሩን ለፈተና ሸምድደን በማግሥቱ እንረሳዋለን። ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ትምህርቱ ከሰሌዳው በፊት ከማድ ቤት ይጀመር! ሌዘር መግዣ ብናጣ ምጣድና ውኃ አናጣም።