የኩላሊት ሕመምተኛና የመንፈሱ ጭንቀት

የጤናማ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ የሚበዛውን ለሰውነት ይመልሳሉ፤ ትርፉ በሽንት ይወገዳል። በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ይህ ሥራ ፈጽሞ ሲቋረጥ፣ ሕመምተኛው ሌላ ኩላሊት ካልተተካለት በቀር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙን በመሣሪያ ማሳጠብ ይኖርበታል። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943 ሰው ሠራሽ ኩላሊትን በሰው ላይ ከሞከረ ወዲህ፣ በዚህ ዘዴ እጅግ ብዙ ሰው በሕይወት ቆይቷል። ሆኖም በመሣሪያው አጠገብ ስለሚተኛው ሰው ሐሳብና ጭንቀት የምንነጋገረው ጥቂት ነው።

በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚኖረውን ገበሬ እናስብ። ደባርቅ ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የጃን አሞራና የበየዳ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ደባርቅ መድረስ አለበት። በየሳምንቱ መመላለስ ስለማይቻል፣ እጥበቱን ለማግኘት ጎንደር ቤት ተከራይቶ መክረም ግድ ይሆንበታል። ማሳው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ በሬው ይሸጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ለሌላው መንገደኛ የጉዞ መስተጓጎል የሆነው ነገር ለእርሱ ውሃና ቆሻሻ በሰውነቱ ውስጥ መጠራቀም ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን «የልጆቼን እንጀራ እየጨረስሁ ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ ለሚስቱ አይናገረውም፤ ሐኪሙም ካልጠየቀው አይነግረውም።

ሁለተኛው ችግር ከማኅበራዊ ኑሮ መራቅ ነው። የብዙዎቹ ሽንት ስለሚያንስ የሚጠጡት ሁሉ የተለካ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጉርብትና የሚጸናው በቡና ነው፤ አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን የተወ ሰው እንደ ኮራ ይቆጠራል። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ብላ ስትለምን፣ እርሱ ወይ ይጠጣና ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሮት ያድራል፣ ወይም እንቢ ብሎ ቀስ በቀስ ከቡናው ይቀራል። ይህች «በሞቴ» የምትባል ቃል በፍቅር የምትነገር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን ባትነገር ይሻላል።

«ለእጥበቱ የሚከፈል ገንዘብ ሳይገኝ ስለ አእምሮ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ተስፋ የቆረጠ ሰው የእጥበት ቀኑን ያሳልፋል፤ የተከለከለውን ይጠጣል፤ መድኃኒቱን ይተዋል። ስለዚህ የመንፈሱ ነገር ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ሐኪም ቤቶች ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም። በሳምንት ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት አጠገቡ የምትውለው ነርስ ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡ ትጠይቀው ዘንድ ብትሠለጥን፣ ሲብስበትም ወደ አእምሮ ሐኪም ብትልከው ትልቅ ነገር ነው። በተለይም አብሮት ይታጠብ የነበረ ሰው ሞቶ አልጋው ባዶ የሆነ ዕለት ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጠያቂ ዘመድም መጠንቀቅ አለበት። መሣሪያውን ትቶ ጸበል ብቻ እንዲይዝ የሚመክሩት አሉ። ጸሎትና ጸበል ያጽናኑታል፤ እጥበቱን ያቋረጠ እንደ ሆነ ግን የሚሞተው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ነው። የሚጠጣው ጸበልም ቢሆን ከተለካለት ውሃ ይቆጠራል።

እድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፤ ለቀባሪው ምግብ ያዘጋጃሉ። አባላቱ ከዚሁ መዋጮ ከፊሉን ለታመመ አባል ቤት ኪራይ ቢያውሉት፣ ተራ ገብተውም ሆስፒታል ቢያደርሱትና አራቱን ሰዓት አብረውት ቢቀመጡ፣ ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ጎረቤቶቹን ያገኛቸዋል።