ዕድር ለማይችለው ጉዳት መድን እንደሚያስፈልግ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ የአንድ ሰው ቤት ቢቃጠል ጎረቤቱ እንጨትና ሣር ተሸክሞ መጥቶ ቤቱን መልሶ ያቆምለታል ፤ ሰው ቢሞትበትም ዕድሩ ገንዘብ አዋጥቶ ኀዘንተኛውን ይረዳል። የብዙዎች ጥቂት መዋጮ የአንዱን ከባድ ጉዳት እንደሚያቃልል ሕዝቡ ከኑሮው የተማረው ነገር ስለ ሆነ ልማዱ እጅግ የተመሰገነ ነው።

ነገር ግን ዕድር ወሰን አለው። እሳት የአንዱን ቤት ያቃጥላል ፤ በረዶና ውርጭ ግን የመንደሩን ሁሉ ገብስና ባቄላ በአንድ ሌሊት ያጠፋል። በዚያን ጊዜ ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ችግረኞች ይሆናሉ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ድርቅ ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ስለዚህ ጉዳትን የሚካፈሉት ሰዎች በአንድ ደመና ሥር ብቻ የሚኖሩ እንዳይሆኑ ያስፈልጋል።

የመድን መሠረቱ ይኸው ነው። የቦረና ገበሬ ፥ የጅማ ነጋዴና የአዲስ አበባ ባለ መኪና አረቦን የሚባለውን ጥቂት ገንዘብ ይከፍላሉ ፤ ጉዳት የደረሰበትም ከዚያ ካሳውን ያገኛል። ኩባንያውም ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ለጠለፋ መድን ሰጪ ያካፍላል ፤ ለዚህም ሥራ የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን በ2008 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት የንብረት መድን ጉዳትን መካሻ እንጂ ትርፍ ማግኛ አይደለም። መቶ ሺህ ብር የሚያወጣ መጋዘን የተቃጠለበት ሰው ከዚያ በላይ ሊቀበል አይችልም ፤ ንብረቱን ሆን ብሎ ያጠፋም ካሳ የለውም። ሁለተኛው ዓይነት የኃላፊነት መድን ሲሆን ፥ መኪናው ሰው የገጨበት ባለንብረት ለተጎጂው የሚከፍለውን ይሸፍናል ፤ ይህንንም ባለ መኪና ሁሉ እንዲገባ አዋጅ ያስገድዳል።

የገበሬው አዝመራ ግን በአብዛኛው ያለ መድን ይኖራል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በአዲ ሃ የተጀመረው የሰብል መድን መንገድ አሳይቷል። በዚያ ካሳው የሚከፈለው እያንዳንዱ ማሳ ተመርምሮ ሳይሆን የዝናቡ መጠን ተለክቶ ነው ፤ ድኻውም አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ተደርጓል። ይሁን እንጂ መለኪያው ዝናቡ ደኅና ነው ሲል የአንዱ ማሳ ደርቆ ሊገኝ ስለሚችል ፥ ይህ ጉድለት ለገበሬው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አንዳንድ ሰው መድን መግባት በእግዚአብሔር ቸርነት አለመታመን ይመስለዋል። ዮሴፍ ግን በግብፅ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህል ማከማቸቱ በጥበብ ተቈጠረለት እንጂ በክሕደት አልተነቀፈም።

እንግዲህ ሹማምንት የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች መድን እንዲገቡ ቢያተጉ ፥ ካህናትም የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃና ንዋያተ ቅድሳት ከነግምታቸው በመዝገብ ቢጽፉ መልካም ነው ፤ ያልተመዘገበ ንብረት ዋጋው በምን ይታወቃል? የብራና መጽሐፍ ግን ከተቃጠለ ገንዘብ አይተካውምና አስቀድሞ ከእሳት መጠበቁ ከመድን ይቀድማል።

መድን ሰጪዎችም ውሉን ባላገሩ በሚገባው ቃል ይጻፉ ፤ ካሳውንም ሳያዘገዩ ይክፈሉ። የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ካሳ ዕዳ ይከፍል እንደ ሆነ እንጂ ማሳ አይዘራም ፤ አንድ ጊዜ በከንቱ የጠበቀ ገበሬም ሁለተኛ አረቦን አይከፍልም።