ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ንጹሕ ውሃ ተነጋግረናል። ዛሬ ወደ ማድ ቤት እንገባለን።

የብዙዎቻችን ማድ ቤት ጠባብ ነው። አንዳንዶቻችን ጭራሽ ማድ ቤት የለንም። የምናበስለው በምንተኛበት ቤት ጥግ ነው። ምድጃው አንድ ነው። ድስቱም አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለዚህ «ጥሩ ምግብ የሚሠራው ሰፊ ቤት ያለው ሰው ነው» እንላለን። ይህ ልክ ነውን? በቅርቡ ያየነውን እንንገራችሁ።

በዐቢይ ጾም አንዲት ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ማድ ቤቷን በእርምጃ ብንለካት ቁመቷ ሦስት፣ ወርዷ ሁለት እርምጃ ሆነ። በውስጧ ጉልቻ፣ ምጣድ፣ እንስራ፣ የሊጥ ቡሃቃና የእንጨት ክምር አለ። ሁለት ዶሮዎችም በእንስራው ሥር ይጭራሉ። እናቲቱ የ14 ወር ልጇን አዝላ ሽሮ ታማስላለች። ቤቱ በጭስ ታፍኗል።

ቡናው ሳይፈላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጣች። የልጁን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ለካች። ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው። አረንጓዴው ደህና ነው። ቀዩ ብርቱ አደጋ ነው። የልጁ ክንድ ቢጫው ላይ ቆመ። ይህ ማለት የክንዱ ዙሪያ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያንሳል ማለት ነው። ልጁ በምግብ እጥረት ተጎድቷል። ካልታገዘ ወደ ቀዩ ይወርዳል።

እናቲቱ ደነገጠች። «ኧረ ይበላል! ከኛው ጋር ከትሪው ይበላል» አለች።

እውነቷን ነው፤ ይበላል። ግን ምን ይበላል? በትሪው ዙሪያ ስድስት ሰው አለ። ትልልቆቹ ልጆች ፈጥነው ይጎርሳሉ። የትንሹ እጅ አይደርስም። የሚደርሰው በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ወጡ ደግሞ በርበሬ አለበት። አፉን ያቃጥለዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎርስና ፊቱን ያዞራል። እኛም «ጠገበ» እንላለን።

«እንቁላልስ? ዶሮ አለሽ አይደል?» ብላ ባለሙያዋ ጠየቀች።

እናቲቱ ወደ ጉልቻው አመለከተች። «ጾም ነው እኮ እህቴ። ያለችኝ ድስት ይቺው አንዲት ናት። እንቁላል ካበሰልኩባት እኛ በምን እንጾማለን? ደሞ እንቁላሉን ባሌ ገበያ ይወስደዋል። ጨውና ሳሙና የምናገኘው በሱ ነው» አለች።

እኛ ዝም አልን። በየቤታችን ያለው ነገር ይኸው ነውና። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ ጾሙ በዓመት ከ180 ቀን አያንስም። ሕፃን ጾም የለበትም። የንስሐ አባታችንን ብንጠይቅ ይህንኑ ይነግሩናል። ነገር ግን ድስቱ አንድ ስለሆነ ልጁ ሳናውቀው አብሮን ይጾማል። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ ያሳልፋል።

ባለሙያዋም «እንግዲያው የጎደለሽ ሰፊ ቤት አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ድስት ናት» አለቻት።

ባልየው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በጾም የእንቁላል ዋጋ እንደሚወድቅ ከሁላችንም በላይ እሱ ያውቃል። ከሚሸጠው ላይ ሁለት ሦስቱን ለልጁ ማስቀረት ቤቱን አይጎዳም። ቅዳሜ ገበያ ሄደ። ጨው አመጣ፤ ሁለት ኩባያ የምትይዝ የሸክላ ድስትም አመጣ። ድስቷ የልጁ ብቻ ሆነች። የራሷ ክዳንና የራሷ ማማሰያ አላት። ከትልቁ ድስት ጋር አትነካካም።

ይህ ጾም የማይመለከተን አንባቢዎችም ድስቷ ትጠቅመናለች። ልጁ በርበሬ የሌለው ለስላሳ ምግብ ያገኝባታል።

የልጁ ገንፎ እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ዱቄቱን እናዘጋጅ። ሦስት ጣሳ እህል እንስፈር። ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ጤፍ ይሆናል። ባገሩ ያለው ይበቃል። በዚህ ላይ አንድ ጣሳ ጥራጥሬ እንጨምር። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር ይሆናል። ጓያ ግን አይግባ። ጓያ ሲበዛና ሲዘወተር እግርን ሽባ ያደርጋል።

ሁሉንም እንልቀም፤ አጥበን እናድርቅ፤ ለየብቻ እንቁላ። ጥራጥሬውን ከክተን ገለባውን እናንፍስ። ከዚያ አብረን እናስፈጭ። ዱቄቱን በደረቅና በተከደነ ዕቃ እናስቀምጥ።

ለምን ይቀላቀላል? እህል ብቻውን አካል ለመገንባት አይበቃም። የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ምግብም የተሠራው እህልና ጥራጥሬ በመቀላቀል ነው። እኛም ያንኑ በቤታችን መሥራት እንችላለን።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ። ምድጃው አንድ ስለሆነ ተራ እንጠብቅ። የቤተሰቡ ወጥ ሲወርድ የልጁ ድስት ትጣድ። የቀረው ፍም ይበቃታል። ሌላ እንጨት አያስፈልግም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ እንበጥብጥ። ድስቷ ውስጥ ጨምረን ሳናቋርጥ እናማስል። በደቃቁ የተከተፈ ጎመን እንጨምር። ዱባ ወይም ካሮት ካለ ቀቅለን እናድቅቀውና ይግባ። እነዚህ ልጁን ከዳፍንት ይጠብቁታል። ዳፍንት ማለት ሲመሽ ማየት አለመቻል ነው።

ቀጥሎ አንድ እንቁላል መትተን እንጨምር፤ በደንብ ይብሰል። እንቁላል ከሌለ ወተት ይሁን። ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጉልበት ይሰጣል። ጨው በመጨረሻ አንድ ቁንጥር ብቻ ይግባ። ጨው ስንገዛ አዮዲን ያለበትን እንጠይቅ። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል። ሙቀትና እርጥበት ግን ያጠፉታል። ስለዚህ ጨው በምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

ገንፎው ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይሆንም። ለልጁ በራሱ ሳህን እንስጠው። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደበላ እናውቃለን።

እስከ 6 ወር ድረስ ልጅ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ከ6 ወር ጀምሮ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ምግብ ይጀምር። ከ9 ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይብላ። ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥ።

ጠባብ ማድ ቤት እንዴት ይያዛል?

ጠባብ ቤት ሥርዓት ይፈልጋል። ዶሮ ከማድ ቤት ይውጣ፤ ቆጥ በውጭ ይሠራለት። የእንጨት ክምርም ከውጭ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይሁን። ወለሉ ሲለቀቅ ግድግዳው ይሥራ። መደርደሪያ ከተመታ የታጠበው ዕቃ ከመሬት ይነሳል። እንስራው ይከደን። በበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይቀመጥ። ሳሙና ካለቀ አመድ ይተካዋል። ምግብ ከመንካታችን በፊትና ከመጸዳጃ ስንመለስ ሁልጊዜ እንታጠብ።

ጭስ ደግሞ የጠባብ ቤት ትልቁ ጠላት ነው። የእናትን ዓይንና ደረት ይጎዳል። በጭስ መካከል የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከጣራው ሥር ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ እንክፈት። ጭሱ ባንዱ ካልወጣ በሌላው ይወጣል። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ምድጃው በድንጋይና በጭቃ እስከ ጉልበት ከፍ ቢል የሚድኸው ልጅ እሳት ላይ አይወድቅም። ልጅ አዝሎ ማብሰልም ይቅር። አባት ወይም ትልቅ እህት ይያዙት።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለጣዕሙስ እውነት ነው። ለጤና ግን ጉልቻ መለወጥ ብዙ ይረዳል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። ድስቷ ከተገዛች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ልጁ ወፈረ ለማለት ጊዜው አልደረሰም። ባለሙያዋ እየተመላለሰች ክንዱን ትለካለች። ጥብጣቡ ቀይ ቢያሳይ ኖሮ ገንፎ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። ትናንት ስናልፍ እናቲቱ ድስቷን ከደጅ ታጥባለች። ወደ እኛ አዘንብላ ውስጧን አሳየችን። ባዶ ነበረች። «ዛሬም ጨረሰላት» አለችን።

ማድ ቤቷ ያው ሦስት እርምጃ በሁለት እርምጃ ናት።

እንነጋገርበት

1. በቤታችን ትንሹ ልጅ የሚበላው ከማን ጋር ነው? ምን ያህል እንደሚበላ እናውቃለን?
2. በጾም ቀን ለሕፃኑ ምን እናበስላለን? በየትኛው ድስት?
3. የማድ ቤታችን ጭስ በየት ይወጣል? ቀዳዳውን ማን ይክፈት? መቼ?

በሚቀጥለው ሳምንት በጓሮ ስለሚተከል ጎመንና ካሮት እንጽፋለን።